ብራና የለበሰ ታፔላ

ጎንደር ፒያሳ ላይ ቆሞ ታፔላ የሚያነብ ሰው ሥራ ፈት ይባላል። ይባል። እኔ ከማስተማሩ ሥራ ከወጣሁ ወዲህ ታፔላ አነባለሁ፤ ዕድሜውን የተማሪ ወረቀት ሲያርም የኖረ ዐይን መቼም ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ የሚያርመው ነገር ይፈልጋል። ፒያሳ ደግሞ ለእንዲህ ዓይነቱ ዐይን የተመቸች ናት። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ያቆሟቸው ሕንጻዎች ብዙዎቹ ዛሬም ቆመዋል፤ የሚለዋወጠው በግንባራቸው ላይ የሚሰቀለው ነው። (በነገራችን ላይ «ፒያሳ»ም «ታፔላ»ም የጣሊያን ቃላት ናቸው። ሰዎቹ በኅዳር 1934 ዓ.ም. እዚሁ ጎንደር ላይ እጃቸውን ሲሰጡ ጠመንጃውን አስረክበው ቃላቱን ጥለውልን ሄዱ።)

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ እነዚህ ታፔላዎች አንድ ዓይነት ልብስ መልበስ ጀምረዋል። አንባቢ ሆይ፣ አይተኸዋል። መደቡ ቡናማ ነው፣ ዳር ዳሩን እሳት የላሰው ይመስላል። አናቱ ላይ የሐረግ ጌጥ ተጋድሟል። ግራና ቀኝ መስቀል። መሐል ላይ ቋሚው ደፍደፍ፣ አግዳሚው ቀጠን ያለ፣ ከገድልና ከድርሳን ተነቅሎ የመጣ የሚመስል ፊደል ተደርድሯል። «ምን ዓይነት ቃል ይሆን?» ብለህ ቀረብ ስትል «ቀዝቃዛ ቢራና ጥብስ» ይላል። ቀጥሎ ያለው የሀበሻ ልብስ መሸጫ ነው፣ ያው ልብስ። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ሞባይል ይጠግናል፤ እሱም ብራና ለብሷል። የሞባይል ጥገና ከብራና ጋር ምን እንዳገናኘው የሚያውቅ ባለቤቱ ብቻ ነው።

ቅሬታዬ አንዳንድ ደጋግ ሰዎች እንደሚሉት «የቅዱሳት መጻሕፍት ፊደል በቢራ ቤት ረከሰ» የሚል አይደለም። ፊደሉ ውል ተጽፎበታል፣ የርስት ክርክር ተጽፎበታል፣ መድኃኒትም መተትም ተጽፎበታል፤ ቢራ አያረክሰውም። ቅሬታዬ ሌላ ነው። እነዚህ ታፔላዎች የጎንደርን ልጅ የገዛ ፊደሉን በቱሪስት ዐይን እንዲያይ እያስተማሩት ነው። ቱሪስት ፊደላችንን አያነብም፣ ያየዋል። ለእሱ ጌጥ ነው። እኛ ግን አንባቢዎች ነበርን።

እስቲ ስለ ፊደሉ ራሱ ትንሽ እናውራ። በቤተ ክህነት ሰው ቋንቋ ይህ አጻጻፍ ቁም ጽሕፈት ነው፤ የሚጽፈው ሰውም ቁም ጸሐፊ ይባላል። መሣሪያው የመቃ ብዕር ነው። የብዕሩ አፍ ጠፍጥፎ ስለሚቀረጽ፣ እጅ ወደ ታች ሲወርድ መስመሩ ይወፍራል፣ ወደ ጎን ሲሄድ ይቀጥናል። ውፍረቱና ቅጥነቱ ጌጥ ተብሎ የተጨመረ ነገር አይደለም፤ የብዕሩ አፍና የእጁ አቅጣጫ ተገናኝተው የወለዱት ነው። ጸሐፊው ብራናውን ከፍየል ቆዳ ፍቆ፣ ወጥሮ፣ በወስፌ መስመር አስምሮ ነው የሚጀምረው። ፊደሎቹ ከመስመሩ ላይ ይንጠለጠላሉ እንጂ አይንሳፈፉም።

ይህ አጻጻፍ በየዘመኑ መልኩን ለውጧል። ሊቃውንቱ «ጉልኅ» ብለው የሚጠሩት ሰፊ፣ ወፍራም፣ ቦታ የማይሰስት ጽሕፈት አለ፤ እሱ የጎንደር ልጅ ነው። ከ17ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ ጀምሮ በጎንደር ነገሥታት ጥላ ሥር ለተጻፉት ታላላቅ መጻሕፍት የዋለው እሱ ነው። በአንጻሩ «ረቂቅ» የሚባል ቀጭንና ደቃቅ ጽሕፈትም ነበር። ልብ በሉ፦ ጉልኅ ራሱ ለመታየት የተጻፈ ጽሕፈት ነው። ንጉሥ ያሠራው መጽሐፍ ትልቅ ፊደል፣ ሰፊ ኅዳግ፣ ብዙ ብራና ሲበላ «አለኝ» ማለቱ ነው። ስለዚህ «ጽሕፈታችን ለማንበብ ብቻ እንጂ ለታይታ አልነበረም» የሚለኝ ሰው ቢመጣ አልቀበለውም። ነበር። ግን ሲታይም ይነበብ ነበር፤ ዲያቆን ቆሞ፣ በጧፍ ብርሃን፣ ሳይደናቀፍ ያነበው ነበር።

አሁን ወደ አንድ ሥጋ ቤት ልውሰዳችሁ። ስሙን አልጠራም፣ ባለቤቱ ጨዋ ሰው ነው። ታፔላው ላይ «ሙክት» የሚል ቃል አለ። ቃሉ የተጻፈው በዚያ በብራናው ልብስ ነው፣ ያውም ፊደሉ ቦታ እንዲሞላ ወደ ጎን ተለጥጧል። የ«ሙ» ካዕብነት የሚታወቀው ከጎኑ በምትወጣው አጭር ጭረት ነው። ጭረቷ በብራናው ቡናማ መደብ፣ በወርቃማው ጥላና በሐረጉ መሐል ጠፍታለች። ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ለሚያነብ ሰው ታፔላው «መክት ሥጋ ቤት» ይላል። ሥጋ ሊገዛ የመጣ ሰው ምን ይመክት? ዋጋውን ነው እንጂ!

ሳቁን ሳቅነው፤ ነገሩ ግን የፊደላችን ባሕርይ ነው። የላቲን ፊደል አናባቢውን ለብቻው ያቆመዋል፤ ጌጥ ቢበዛበትም አናባቢው አይጠፋም። የእኛ አናባቢ በፊደሉ አካል ላይ ያለች ጭረት፣ ቀለበት፣ የረዘመች ወይም ያጠረች እግር ናት። «ቡና»ን ከ«በና»፣ «ሱቅ»ን ከ«ሰቅ» የምትለየው አንዲት ጭረት ናት። ቁም ጸሐፊው ይህን ያውቃል፤ ለዚህም ነው ፊደሉን የቱንም ያህል ቢያወፍር ጭረቷን የማይነካት፣ ዙሪያዋን ባዶ የሚተውላት። ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠ ልጅ ግን ፊደሉን በሁለት ጣት ይዞ ሲለጥጠው የውፍረቱና የቅጥነቱ ሚዛን ይፋለሳል። ቋሚው ይደልባል፣ አግዳሚው እንደ ክር ይሰልላል፣ አናባቢ ይሞታል። በየትኛውም ብዕር፣ በየትኛውም እጅ ሊጻፍ የማይችል ፊደል ይወለዳል። ጥንታዊ የተባለው ፊደል ከ«ጥንት» ጋር ያለው ዝምድና እዚያ ላይ ያበቃል።

ታፔላ ከሚያዘጋጁት ልጆች አንዱን ስለዚህ ነገር አነጋግሬዋለሁ። ጨዋ ልጅ ነው፣ ወንበር አቀረበልኝ። «ጋሼ» አለኝ፣ «እኔ ምን ላርግ? ደንበኛው ገብቶ ‹ጥንታዊ አርግልኝ› ነው የሚለኝ። ቀለል ያለ ፊደል ባሳየው ‹ይኼማ የቀበሌ ማስታወቂያ ነው› ይለኛል።» ከዚያ ትንሽ አሰበና «እነሱ'ኮ ፊደል አይደለም የሚገዙኝ፣ ዕድሜ ነው» አለ። ከዚህ የተሻለ ሂስ በክፍል ውስጥም ብዙ አልሰማሁም። ሰው ትናንት የከፈተውን ቤት የሦስት መቶ ዓመት ሊያስመስለው ይፈልጋል፤ ዕድሜ ደግሞ በካሬ ሜትር ይታተምለታል።

ይህ የእኛ ብቻ በሽታ እንዳይመስላችሁ። እዚያው ፒያሳ ፎቶ ቤት ግቡና የምረቃ ፎቶ የሚታተምበትን ክፈፍ ተመልከቱ። ካባና ቆብ የለበሰው ልጅ ከራሱ በላይ «ኮንግራጁሌሽንስ» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ተጽፎለታል፤ ያውም በዚያ ጥቁር፣ ሹል፣ ማዕዘን በበዛበት፣ ፈረንጆች ጎቲክ ወይም «ጥቁር ፊደል» በሚሉት ጽሕፈት፣ ያውም ሁሉንም በትልልቁ። የጎቲክ ትልልቅ ፊደላት እያንዳንዳቸው በቃል መጀመሪያ ላይ ብቻቸውን እንዲቆሙ የተሠሩ ባለ ብዙ ጥምዝ ናቸው፤ ጎን ለጎን ሲደረደሩ እሾህ አጥር ይሆናሉ እንጂ ቃል አይሆኑም። የተመራቂው እናት እንግሊዝኛ ባታነብ አይፈረድባትም፤ እንግሊዝኛ መምህሩም አያነበውም። ግን ማንም እንዲያነበው አልተጻፈም። «ዲግሪ ነው» እንዲል ብቻ ነው።

ይህ ጥቁር ፊደል እንዴት እዚህ ደረሰ? ታሪኩ ለእኛ ይጠቅመናልና ትንሽ ታገሡኝ። ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው። ፊደሉ በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የገዳም ጸሐፍት እጅ ነበር፤ እንደኛው በጠፍጣፋ ብዕር፣ እንደኛው በብራና ላይ። ብራና ውድ ነውና ፊደሎቹን አጥብበውና አጠጋግተው ጻፏቸው፤ ገጹ ከሩቅ ሲታይ ሽመና ስለሚመስል ስሙም ከሽመና ጋር ተያይዞ «ቴክስቱራ» ተባለ። ጉተንበርግ በ1455 ግድም ማይንትስ ከተማ ላይ መጽሐፍ ቅዱሱን ሲያትም የሠራው ፊደል ይኸው ነው፤ አንባቢው የለመደው እሱን ነበርና። «ጎቲክ» የሚለው ስም የመጣው ከጣሊያን ምሁራን ነው፤ «የአረመኔ ጽሕፈት» ማለታቸው ነበር፣ ስድብ ነው።

እንግዲህ 1513 ላይ እንቁም። በዚያ ዓመት ግድም አውግስቡርግ በምትባል የጀርመን ከተማ ለንጉሠ ነገሥት ማክሲሚልያን የጸሎት መጽሐፍ ይታተማል፤ ጀርመኖች በኋላ «ፍራክቱር» ብለው አራት መቶ ዓመት የኖሩበት ፊደል ብቅ የሚለው በዚያ መጽሐፍ ነው። በዚያው በ1513 ሮም ላይ ዮሐንስ ፖትከን የሚባል የኮሎኝ ሰው፣ ያውም ጀርመን፣ በቫቲካን ጀርባ ቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ከነበሩት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ግእዝ ተምሮ መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ ፊደል ያሳትማል። በግእዝ የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው። (ሰውየው ቋንቋውን «ከለዳውያን» ነው ያለው። ግድ የለም፣ ፊደሉን ግን በትክክል ቀርጿል።) የአንድ ሕዝብ ብራና ጽሕፈትና የሌላው ሕዝብ ብራና ጽሕፈት ወደ እርሳስ የገቡት በአንድ ዓመት ነው ማለት ይቻላል።

ከዚያ ግን መንገዳቸው ተለያየ። ልዩነቱ ነው ዋናው ነገር።

አውሮፓ ሁለት ፊደል ነበራት። አንዱ ጥቁሩ፣ ሌላው ጣሊያኖች ያነሡት ክቡና ገላጣው የሮማ ፊደል። እያደር ክቡ አሸነፈ። ፈረንሳዩም እንግሊዙም ጥቁሩን ለአዋጅና ለርዕስ፣ በኋላም ለጌጥ ተወው። ጀርመን ግን ጋዜጣውንም፣ ልብ ወለዱንም፣ የልጆች መማሪያውንም በጥቁሩ እያተመ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ቆየ። ናዚዎች ሲመጡ መጀመሪያ ፊደሉን «የጀርመን ደም ያለበት» ብለው አሞገሱት። ጃንዋሪ 3 ቀን 1941 ግን ማርቲን ቦርማን የሂትለርን ትእዛዝ በደብዳቤ አስተላለፈ፤ ይህ የጎቲክ ጽሕፈት የአይሁድ ፊደል ነውና ከእንግዲህ ይቅር የሚል። ቅጥፈት ነው። አንዱ ምክንያት የያዟቸው አገሮች ሰዎች ፊደሉን ማንበብ አለመቻላቸው ነበር። ከሁሉ የሚያስቀው፣ የደብዳቤው ራስጌ ላይ ያለው የፓርቲው ስም የታተመው በዚያው በተወገዘው ፊደል ነው።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ዓለም ጥቁሩን ፊደል የሚያስታውሰው ምን ብሎ መሰላችሁ? የናዚ ፊደል ብሎ። ያገዱት እነሱ፣ የሚታማባቸው እሱ። ፊደል ባንዲራ ከሆነ ዕዳው እንዲህ ነው፤ አንዱ ወገን «የእኔ» ሲለው ሌላው ይሸሸዋል፣ የሸሸውም በምን እንደሸሸው ይረሳዋል። በእኛ አገር ቁም ጽሕፈት መሰሉ ፊደል በሰልፍ ባነርና በቲሸርት ላይ ደረቱን ነፍቶ ሲሄድ ባየሁ ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል። ትግርኛም ጉራጊኛም በዚህ ፊደል ይጻፋሉ፤ ለአንድ ወገን ቲሸርት ብቻ ሲሠራ የቆየ ፊደል ለሌሎቹ ምን ፊት ይዞ ይቀርባል?

ዛሬ ጥቁሩ ፊደል በአውሮፓና በአሜሪካ ልብስ ነው። የቢራ ጠርሙስ ይለብሰዋል፣ የዲፕሎማ ወረቀት ይለብሰዋል፣ የሮክ ሙዚቀኛና ባለ ንቅሳት ይለብሰዋል። ኒውዮርክ ታይምስ ስሙን ብቻ በእሱ ይጽፋል፤ ከስሙ በታች አንዲት መስመር ዜና በእሱ ቢያትም አንባቢው ጋዜጣውን ይመልስለታል። በጀርመንም ጥቁሩ ፊደል በመጠጥ ቤት ታፔላ ላይ አልጠፋም፣ ግን ባለታፔላዎቹ ራሳቸው ይሳሳቱበታል፤ ፊደሉ «ስ»ን በሁለት መልክ ይጽፋል፣ በቃል መሐል ረጅሙ፣ በመጨረሻ አጭሩ፤ እነሱ ሁሉንም በአጭሩ ይጨርሱታል። ልብሱ ቀርቶ ሰዋስዉ ሄደ ማለት ነው። የዛሬ ወጣት የቅድመ አያቱን መጽሐፍ ሲከፍት ረጅሙን «ስ» «ፍ» ብሎ ያነባል።

እኛ ግን ይህ ዕጣ አልደረሰንም ነበር! እኛ ሁለት ፊደል የለንም። ሮም ላይ የተቀረጸው፣ ኋላም ሂዮብ ሉዶልፍ ለመጻሕፍቱ ያስቀረጸው፣ በ1914 ዓ.ም. በተቋቋመው በብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የተደረደረው፣ ኮምፒውተር ከመጣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ የገባው፣ ሁሉም አጥንቱ ያው ቁም ጽሕፈት ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ ካቀረበው ቪስታ ጋር የመጣውን ኒያላ የተባለውን ፊደል ተመልከቱት፤ የጠፍጣፋ ብዕር እጅ አሁንም ይታይበታል። ለዚህ ነው የጎንደር ልጅ ጋዜጣ ማንበብ ከቻለ ሦስት መቶ ዓመት የሆነውን ተአምረ ማርያም ገልጦ ፊደሉን የሚያነበው። ግእዙን ባይረዳውም ፊደሉን ያነበዋል። ይህን ማድረግ የማይችል ሕዝብ ብዙ ነው። ታዲያ ማንም ሳያስገድደን፣ ቦርማንም ደብዳቤ ሳይጽፍልን፣ የገዛ ጽሕፈታችንን ከሁለት ቆርሰን ግማሹን «ተራ»፣ ግማሹን «ጥንታዊ» ማለት ምን ይባላል?

የቆረስነው ደግሞ እንደ ጀርመኑ ሰዋስዉን ጥለን ነው። በብራና ላይ ቀይ ቀለም ትርጉም ነበረው፤ የአምላክ ስም፣ የእመቤታችን ስም፣ የምዕራፍ መግቢያ በቀይ ይጻፋል፣ ዐይን ያንን ሲያይ ልብ ይቆማል። ታፔላው ላይ በቀይ የተጻፈው «20% ቅናሽ» ነው። በብራና ላይ ሁለት ነጥብ ቃልን ከቃል ይለያል። ታፔላው ላይ በቃላቱ መሐል ሁለት ነጥብ የለም፤ በስሙ ግራና ቀኝ ግን እንደ ጉትቻ ተንጠልጥሏል። ፊደሉ የ18ኛው መቶ ዓመት ነው፣ ቃሉ ግን «ስጋ» ነው፣ በእሳቱ «ሰ»። የሆሄያትን ነገር አውቃለሁ፣ «ሞክሼዎቹ ይቀነሱ» የሚሉ ምሁራን አሉ፣ ክርክራቸውንም አከብራለሁ፤ በጋዜጣ ላይ «ስጋ» ቢጻፍ ሰይፍ አልመዝም። ግን የብራና ልብስ ለብሶ የመጣ ቃል በንጉሡ «ሠ» ይምጣ። ካባ ደርቦ በነጠላ ጫማ ሰርግ የሚሄድ ሰው አይታችሁ አታውቁም?

በልጅነቴ የነበሩትን ታፔላዎች ሳስባቸው የተሻሉ ነበሩ እላለሁ፤ «ድሮ ጥሩ ነበር» ከሚሉት ሽማግሌዎች ማኅበር ውስጥ እንዳትጨምሩኝ እንጂ። በቆርቆሮ ላይ፣ በግድግዳ ላይ፣ በብሩሽና በዘይት ቀለም የተጻፉ ነበሩ። ጸሐፊዎቹ ቁም ጽሕፈት ሊመስሉ አልሞከሩም። ብሩሽ እንደ መቃ አይደለም፣ ይለሰልሳል፣ ይጠመዘዛል፤ ስለዚህ ፊደላቸው ክብ፣ ሙሉ፣ ትንሽ ጎንበስ ያለ ነበር። የ«ፀ» ክቡ እንደ ዳቦ ይነፋ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ፣ ልብስ ሰፊው፣ ሻይ ቤቱ ለየራሱ የተጻፈለት ስም ነበረው፤ ሁለት «ቤት» የሚሉ ቃላት አንድ ዓይነት አልነበሩም። እነዚያ ሰዎች የመሣሪያቸውን ጠባይ ስላወቁ ከቁም ጸሐፊው ጋር የሥራ ዘመዶች ናቸው። ሥራቸውን ባነር ማተሚያው ወሰደባቸው። ባነር ርካሽ ነው፣ በአንድ ሰዓት ይደርሳል፤ ነጋዴውን በዚህ አልወቅሰውም፣ እኔም ብሆን ኪሴን አያለሁ።

ይህን ሁሉ ዛሬ መጻፌ ጊዜው ስለሆነ ነው። የኮሪደር ልማቱ ጎንደርም ገብቷል፤ መንገድ ሲሰፋ፣ ግንባር ሲቀባ፣ አሮጌው ታፔላ ወርዶ አዲሱ ይሰቀላል። የሚሰቀለው ለሚቀጥሉት አሥርና አሥራ አምስት ዓመታት ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የሚያነቡት ነው። ልጅ ማንበብ የሚለማመደው በመጽሐፍ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ እናቱን እጇን ይዞ «ይኼ ምን ይላል?» እያለ ነው። ደግሞ ያ ሁሉ ብራና የተለበሰለት ቱሪስት ራሱ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን ባለው ግጭት ምክንያት ሳስቷል። ታፔላውን የሚያነበው እንግዲህ ማነው? እኛው ነን።

«ታዲያ ጥንታዊ ፊደል አንጠቀም ወይ?» የሚል ይኖራል። ተጠቀሙ እንጂ! ግን ሄዳችሁ እዩት። የጎንደር መጻሕፍት ብዙዎቹ እዚህ የሉም። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት አሰብስበው መቅደላ ያከማቿቸው መጻሕፍት በ1860 ዓ.ም. በእንግሊዝ ጦር እጅ ገቡ፤ ወደ 350 የሚጠጉት የመቅደላ ብራናዎች ለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ጄምስ ብሩስም ባዶ እጁን አልተመለሰም፤ ሦስት መጽሐፈ ሄኖክ ይዞ ነው አገሩ የገባው። ይሁንና እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በየገዳማቱ እየተዞረ በማይክሮፊልም የተነሣው ብዙ ሺህ ብራና ቅጂው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ሂል በሚባለው ቤተ መጻሕፍት አለ፤ በርካታውን ዛሬ በኢንተርኔት በነጻ ተመዝግቦ ማየት ይቻላል። ያ ታፔላ የሚሠራው ልጅ በስልኩ ላይ እውነተኛውን ጉልኅ አጉልቶ ሊያየው ይችላል። ከዚያም የሚቀርበው አለ፦ ቁም ጸሐፊዎች አልጠፉም። በጎንደርና በዙሪያዋ ባሉ አድባራት ዛሬም መልክእና ውዳሴ የሚጽፉ አሉ። ለአንድ ቁም ጸሐፊ ሦስት ቃል በወረቀት አስጽፎ፣ ለእጁ ከፍሎ፣ ያንኑ አጉልቶ ማተም ከአንድ ካሬ ሜትር ባነር ብዙ አይርቅም።

ይህን ያደረገ ሰው አለ። ከፒያሳ ወደ ውስጥ በሚገባ ቅያስ ውስጥ አንድ ጠጅ ቤት ነው። መደቡ ነጭ ነው፣ ፊደሉ ጥቁር። ሦስት ቃላት፣ በመሐላቸው ሁለት ነጥብ አላቸው። መስቀል የለም፣ ሐረግ የለም፣ የተቃጠለ ዳር የለም። ፊደሎቹ ሰፊ ናቸው፣ በመሐላቸው አየር አለ፤ የ«ጠ» ሦስት እግሮች እኩል አይደሉም፣ የመጨረሻዋ ትንሽ ወደ ውጭ ትወጣለች፣ ብዕር እንዳነሣት ያስታውቃል። «ማን ጻፈልዎት?» ብዬ ባለቤቲቱን ጠየቅኳቸው። አጎታቸው መሪጌታ ናቸው፤ በእርሳስ ወረቀት ላይ ሊጽፉላቸው ቢጠየቁ «በእርሳስማ አይሆንም» ብለው መቃቸውን ቀርጸው መጡ አሉኝ። ከዚያ ልጁ አጉልቶ አተመው።

«ደንበኛ በዛልዎት?» አልኳቸው።

«ኧረ የኔ ጌታ፣ ደንበኛውስ ያው ነው» አሉ፣ ብርሌውን እያቀረቡልኝ። «ብቻ አሁን ‹ጠጅ ቤቱ የት ነው?› ብሎ የሚጠይቀኝ የለም።»